ማስተካከያ፦ ፕሮፖፎል «ይበልጣል» ያልኩት ስህተት ነው

ለጨቅላ ሕፃን የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ፕሮፖፎል የተባለው ማደንዘዣ የኦክስጅን መውረድን ከሌላ የመድኃኒቶች ቅይጥ በተሻለ ይከላከላል ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ምንጩ በፈረንሳይ 6 የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በዕጣ ምደባ የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነው። ኦክስጅናቸው ከ80 በመቶ በታች ወርዶ ከ60 ሰከንድ በላይ የቆየባቸው ሕፃናት፣ አትሮፒን (የልብ ምት እንዳይወርድ የሚሰጥ መድኃኒት) እና ፕሮፖፎል ከወሰዱት 60 በመቶ ገደማ፣ አትሮፒን፣ አትራኩሪየም (ጡንቻ የሚያላላ) እና ሱፌንታኒል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ከወሰዱት ደግሞ 66 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሕፃናቱ 171 ብቻ ስለሆኑ ይህ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። እኩል ናቸው ማለትም አይደለም።

ጽሑፌን ይዛችሁ «ለልጄ ለምን ፕሮፖፎል አልተሰጠውም?» ብላችሁ የተጨነቃችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የድሮውን ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።