ክሱ ተዘግቷል፣ በሩም ተዘግቷል

ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በወንጀል ይከሰሳል። 137 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ቅጣቱን ከፍሎ የሚሄድበት የትራፊክ ደንብ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አስቀምጦለታል። እዚያ ያለን አበሾች ደግሞ ስንቶቻችን ነን መሪ ይዘን የምናድር!

እኔም በዚሁ ተከስሼ ነበር። ዳኛዋ አየችው፣ ክሱን ሰረዘችው፣ እፎይ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ የምነዳለት የታክሲ መተግበሪያ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣራት) ሲያደርግ ስሜ ላይ ክስ አገኘና አካውንቴን ዘጋው። ሰው እንኳ አላናገረኝም። ለካስ ክሱ ቢሰረዝም መዝገቡ እንዳለ ነው። መዝገቡን ለማስጠፋት ሌላ አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማስገባት፣ አሻራ መስጠት፣ መክፈል አለ። ባልተፈረደብኝ ነገር ከኪሴ አውጥቼ ልጸዳ ማለት ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህን ብሶቴን ይዤ ነው ኮምቦልቻ የገባሁት። ቡና እየተፈላ ለአክስቴ ልጅ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ አንተስ ወረቀት አሳይተውሃል» አለኝ።

እሱ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰፈር ውስጥ ጠብ ተነሳ፣ ፖሊስ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ወሰደ፣ እሱም አብሮ ተጫነ። ሽማግሌ ገባበት፣ ዐቃቤ ሕግም ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ሳምንት ያህል ታስሮ ሲወጣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስሩ ከ30 ቀን ካልበለጠና አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ካወቀ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም ይላል። ይህን ማን ነገረው? እናቱ ፋብሪካው በር ላይ ሄዳ መታሰሩን ለጥበቃው ተናግራለች። ጥበቃው ለማን እንደተናገረ አላህ ይወቀው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ገና ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። ተፈርዶበት ቅጣቱን ለጨረሰ እንኳ የወንጀል ሕጉ ጊዜ ጠብቆ ፍርዱን ከመዝገብ የሚያሰርዝበት መንገድ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ባክግራውንድ ቼክ ባጃጅ ውስጥ ያልቃል። አንዱ የሰው ኃይል ሠራተኛ ገና ሲያየው «አንተ ያ የታሰርከው ልጅ አይደለህም?» አለው።

ልጁ ከዐቃቤ ሕግ የተጻፈለትን ደብዳቤ እንዳይቀደድበት ላሚኔት አስደርጎታል። ክቡ ማኅተም ከፕላስቲኩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውዬው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና «ላሚኔት የሆነ አንቀበልም፣ ኦሪጅናሉን አምጣ» አለው። ኦሪጅናሉ እሱ ነው! ደግሞ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። የእናቱን ጤና ጠይቆ፣ አብሽር ብሎ፣ መርቆ ነው የሸኘው። ወሎ እምቢታውንም በምርቃት ነው የሚሰጥህ። እኛ አገር፣ ማለቴ አሜሪካ፣ «ዩንፎርቹኔትሊ» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ነው የሚደርስህ። በየትኛው እንደምናደድ ግራ ገብቶኛል።

ሌላው ጣጣ ዋስ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይመጣል። አጎቱ ደሴ አስተማሪ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ቤቱ ድረስ ሄደን ለመንነው። «ልጄ፣ ጠልቼህ አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል የኔን ደመወዝ ነው የሚቆርጡት» አለ። ምን ይባላል? ምሳ በላንና ተመለስን። እንኳን ታስሮ ለወጣ፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ላላየውም ዋስ የሚሆን ዘመድ በመከራ ነው የሚገኝ።

አሜሪካኖቹን አሁንም አልወደድኩላቸውም። ግን አንድ ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕጋቸው የባክግራውንድ ቼክ ሪፖርት አይቶ ሊከለክልህ የፈለገ አሠሪ አስቀድሞ ቅጂውን እንዲሰጥህ ያስገድዳል። ስህተት ካለበት ትከራከራለህ። ያልተፈረደበት እስር ደግሞ 7 ዓመት ካለፈው በአብዛኛው ሥራ ሪፖርቱ ላይ አይወጣም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ አብዛኛው አሠሪ እንቀጥርሃለን ሳይል ስለ ወንጀል መዝገብህ አይጠይቅም። እኔም ቅጂው ደርሶኝ፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ልኬ፣ ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ አካውንቴ ተከፍቶልኛል። የአክስቴ ልጅ ምን ላይ ይከራከር? ባጃጅ ውስጥ በተወራ?

በእርግጥ ያው አፍ እንጀራም ያበላል። አባቱን የሚያውቅ አንድ የእህል ነጋዴ ምንም ሳይጠይቅ መጋዘኑ ውስጥ በቀን ሒሳብ አሠርቶታል። ለእኔ እዚያ የንስሐ አባቴ መጥተው ቢመሰክሩልኝ ኮምፒውተሩ አይሰማቸውም። የቀን ሥራ ግን የቀን ሥራ ነው። ጡረታ የለው፣ ቋሚ የለው።

እኔም በንዴት «ሁለተኛ ሲመልሱህ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በል፣ መብትህ ነው!» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እስካሁን ያ የታሰረው ልጅ ነው የሚሉኝ። ያ ነገረኛው ልጅ እንዲሉኝ ነው?»