ፕሌት በገመድ ይነሳል ወይ?

ሁለት ተከራካሪዎች አሉን። አንዱ ደሴ ውስጥ ትንሽ ጂም ያለው ወጣት አሰልጣኝ ነው። ሌላው ኮምቦልቻ በብየዳ የሚተዳደሩ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ብረት ሲገፉ የኖሩ አባት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሰልጣኙ ዳምቤል የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ በፕሌት፣ ማለትም ባር በሚባለው የክብደት ማንሻ ዘንግ ላይ በሚገባው ክብ ብረት፣ ቀዳዳ ገመድ አስገብቶ እጀታ ሠራ። በያጁ አንድ ቀን ጂሙን ሊያዩ ገብተው «ይሄ ነገር አንድ ቀን እግር ይሰብራል» ብለው ወጡ። በጽሑፍ ይውጣላችሁ አልናቸው።

አሰልጣኙ፣ ከደሴ

ጋሼ፣ ያላየው ሰው ጉድ እንዳይመስለው መጀመሪያ ዕቃውን ልንገረው።

አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ነው። ለሁለት ይታጠፋል። እጥፉ በፕሌቱ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በእጥፉ ውስጥ አልፈው ይሳባሉ። ሸምቀቆ ማለት ነው፤ በሳቡት ቁጥር ፕሌቱን ይበልጥ ያንቀዋል። ከመቋጠሬ በፊት መዳፍ እንዳይቆርጥ የውሃ ጎማ ቁራጭ አጠልቅበታለሁ። በመጨረሻ ጫፎቹ ከላይ ይቋጠራሉ። አለቀ። ከገጠር የመጣ፣ አህያ ጭኖ የሚያውቅ አንድ ልጅ አለኝ፤ ሳላሳየው ነው የሠራው።

ለምን ገመድ? ጂሜ ውስጥ ያለው ሁለት ባርና ስምንት ፕሌት ነው። ድሮ ሁለት ልጅ ባሩን ከያዘ ስድስቱ ቁጭ ብለው ስልክ ይነካካሉ። አሁን ስምንቱም ፕሌት ስምንት ሰው ያሠራል። ደግሞ ፕሌት ብቻ አይደለም፣ ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ ይነሳል። የአይሱዙ የፍሬን ታምቡር፣ ጥርሱ ያለቀ ጊር፣ ከጋራዥ ደጅ የተጣለ ሁሉ። ውሃ የሞላው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እጀታው ግን ጣት ይበላል። ገመድ ሲገባበት ሌላ ዕቃ ይሆናል።

የእጁ ጉልበትስ? ገመድ እንደ ብረት ቀጥ ብሎ አይቆምልህም። ይሸሻል፣ ይዞራል። ክንድ ያለ ልፋት አይይዘውም።

በያጁ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ ልጆቹን ከየጥጋጥጉ ሰብስበህ ላብ ስላስወጣሃቸው ዱዓዬ አይለይህ። ገመዱ ላይ ግን አልስማማም።

ያየሁትን ልንገርህ። ዓመታት አልፈዋል፣ እዚሁ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር ስፖርት የምንሠራው። እንዳንተ ሁሉ በገመድ የታሰረ 15 ኪሎ ፕሌት ነበረን። አንዱ ጓደኛችን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት ወደኋላ ያወዛውዘዋል። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ነው ሾልኮ የተፈታው። ናይለን ያንሸራትታላ! ፕሌቱ በረረ። ፊት ለፊት የቆመውን ልጅ በስንዝር ሳተውና የሲሚንቶውን ወለል ፈለጠው። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሒሳቡን ተመልከት። ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ስታነሳው 20 ኪሎ፣ 20 ኪሎ ነው። ስታወዛውዘው ግን ሌላ ነው። ገመዱ አግድም እስኪሆን ከፍ ብሎ ከዚያ ወርዶ ከታች ሲያልፍ፣ በዚያች ቅጽበት ገመዱ የክብደቱን ሦስት እጥፍ ይሸከማል። 20 ኪሎው 60 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። የፊዚክስ መምህር ጠይቅ። በዚያ ላይ ቋጠሮ ራሱ ገመድን ያደክማል፤ እንደ አቋጣጠሩ ጥንካሬውን እስከ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል።

ደግሞ አየሩ አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሟን ታውቀዋለህ። እርጥበት ያልለቀቀው የቃጫ ገመድ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርደህ ብትሠራ ደግሞ ፀሐይ አለች። ያ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሰማያዊና ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይደርቃል፣ እንደ ገለባ ይቦናል።

ብረት ከመሰበሩ በፊት ጎበጥ ብሎ ይነግርሃል። 12 ቁጥር ፌሮ አጥፈህ ብታስበይድ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተጨነቅን።

አሰልጣኙ

ጋሼ፣ በእርስዎ ሙያ ልከራከር ነውና ይቅርታ። ፕሌቱ ጊዛ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ነው፤ የፍሬን ታምቡሩም ጊዛ ነው። ጊዛ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ላይታይ ይችላል። ከላይ ሲያዩት የሚያምር ብየዳ፣ ውስጡ ባዶ። ይህ ነው ከገመዴ የሚሻለው?

ሒሳብ ካነሱ ደግሞ ሒሳቡን እንጨርሰው። ጥራት ያለው አዲስ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ናይለን ገመድ ከሁለት ቶን በላይ ሲጎተት ነው የሚበጠሰው። ግማሹን ለቋጠሮው እንተውለት። አንድ ቶን ቀረ። የእርስዎ 60 ኪሎ የት ደረሰ? ሐረጎን፣ ያንን የኮምቦልቻና የደሴ መካከል ዳገት፣ የሚወጣው መኪና ላይ ያለው ጭነት በምን ታስሮ ይመስልዎታል? በገመድ!

ቋጠሮው ላይ ግን እውነትዎን ነው። የተፈታው ጫፉ አጭር ስለነበር ይመስለኛል። እኔ አንድ ስንዝር ጅራት አስቀርቼ ጫፉን በእሳት አቀልጠዋለሁ። የፕሌቱን የቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ አለሰልሳለሁ፤ ገመድ የሚበላው እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ እያንዳንዱን ገመድ በጣቴ እዳብሳለሁ። ፀጉር ያወጣውን ቆርጬ እጥላለሁ። ሳይቆርጡ መጣል አይገባም፣ ነገ አንዱ አንስቶ ይጠቀምበታል።

በያጁ

አብሽር፣ ሙያዬን ስለነካህ አልከፋኝም። ግን በያጅ የሆነ ሰው ጊዛን በተራ ኤሌክትሮድ የሚበይድ መሰለህ? ፕሌቱን ማን ይነካዋል! እኔ የምልህ ሌላ ነው። አንድ ክንድ የምታህል ቱቦላሬ ቆርጠህ ከታችዋ ሰፊ ላሜራ ትበየድባታለህ። ፕሌቶቹ ከላይ እየገቡ ላሜራው ላይ ይቀመጣሉ። ከላይ ቡሎን አሳልፈህ፣ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቀህ እጀታ ትይዛለህ። የውድድር ፕሌት ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ትንሽ የምትቀጥን ቱቦላሬ መርጠህ ታስገባለህ። አንዷ ቱቦላሬ አራት ፕሌት ትሸከማለች። ገመድህ ስንት ይችላል?

ሐረጎ ያልከውን ደግሞ እንየው። ሹፌሩ በአንድ ገመድ አይወጣም። አሥር ቦታ አስሮ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ያጠብቃል፣ ረዳቱ ዞሮ ያያል። ጭነቱ ደግሞ በአንድ ሕፃን እግር ጣት ላይ አይወዛወዝም።

ዋናው ነገሬ ግን ገና ነው። ልጆቹን «እግር እንሥራ» ብለህ 20 ኪሎ በገመድ አስይዘህ ቁጢጥ ብድግ ታሰኛቸዋለህ። ጣታቸው ሲዝል እግራቸው ገና አልሞቀም። ያቆማሉ። የእግር ስፖርት ብለህ የጣት ስፖርት አሠራሃቸው! የውድድር ባር የወንዶቹ 28 ሚሊ ሜትር፣ የሴቶቹ 25 ሚሊ ሜትር ነው ውፍረቱ። እጅ ዙሪያውን ይዘጋበታል፣ ባሩም አይሸሽም። ያኔ ነው ትልቁ ጡንቻ የሚሠራው። አንተ ጥቅም ብለህ የጻፍከው መሸሹ ለኔ ጉዳቱ ነው።

አሰልጣኙ

ይህቺኛዋ ነካችኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ልጆቹ «እጄ» እንጂ «እግሬ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ግን እጅም እኮ የሰው አካል ነው ጋሼ። ከእነሱ ሦስቱ ገበያ ላይ ኩንታል ተሸክመው ነው የሚያድሩት። መቶ ኪሎ ጆንያ እጀታ የለውም፤ ባር ሆኖ አይጠብቃቸውም። ለእነሱ በገመድ ይዞ ሃምሳ እርምጃ መሄድ ከማንኛውም የውድድር ባር ይጠቅማቸዋል። ለእግሩ ደግሞ ገመዱን ረዘም አድርጌ በክንዳቸው እጥፋት ላይ አስይዛቸዋለሁ፤ ጣታቸው ያርፋል። እስካሁን ያላሰብኩት ነበር፣ አሁን እየጻፍኩ ነው የመጣልኝ። ነገ እሞክረዋለሁ።

ማወዛወዙን ከሰኞ ጀምሮ አቁሜዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ አላስፈራኝም፤ ያ የተፈለጠ ሲሚንቶ ነው። በገመድ የታሰረ ነገር ከጉልበት በላይ አይወጣም ብያቸዋለሁ። ሁለቱ አኩርፈዋል።

ቱቦላሬው ጥሩ ነው። ግን አራቱን ፕሌት አንድ ሰው ይዞት ቆመ ማለት ሦስቱ ተመልሰው ስልክ ነኩ ማለት ነው። ስምንት ይሠሩልኛል?

በያጁ

ስምንት አላልኩም። ሁለት። ብረቱን አንተ ይዘህ ና እንጂ የእጅ ዋጋ አልጠይቅህም። ልኩን እንድወስድ ሁለት ፕሌት ጨምረህ አምጣ። ገመድህን ግን ስትወርድ ሐረጎ ላይ ጣለው።

አሰልጣኙ

ገመዱንማ ይዤው ነው የምመጣው። መናኸሪያ ስወርድ ፕሌቶቹን በምን ልሸከማቸው?