ዛንዚባር ላይ ትንንሾቹን ሆቴሎች አትርሷቸው

ስለ ማረፊያ ሆቴሎች ያወጣችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው። ግን ለዛንዚባር የጠቆማችሁን ትልልቅ ሪዞርቶችን ብቻ ነው። እንደኔ ኪሱ ለሳሳ ሰው ትንንሾቹ ይሻላሉ። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ፓጄ በምትባል የምሥራቅ ዳርቻ መንደር ስምንት ክፍል ብቻ ባላት ሆቴል አራት ሌሊት አደርን። ጣሪያዋ የኮኮናት ቅጠል፣ አልጋዋ ባለ አጎበር፣ ቁርሷ ፓፓያና ትኩስ ቻፓቲ።

በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ባሕሩ የለም! ለካ በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ እልም ብሎ ነው የሚሄደው። አሸዋው ላይ ሴቶች አጎንብሰው የባሕር አረም ይለቅማሉ። እኔ በዋና ልብስ ቆሜ ቀረሁ። እናንተ ውኃው የሚመለስበትን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጆዛኒ ደንም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከዛንዚባር ውጭ የማይገኘው ቀይ ጉሬዛ እዚያ አለ፤ የኛው ጉሬዛ ዘመድ መሆኑ ነው። አጠገባችን ተቀምጦ ቅጠሉን ሲበላ ከነመፈጠራችንም አላየን።

ጽሑፉ የዘለለው ወጪም አለ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ርካሽ ክፍል የፈለገ በሚያዝያና በግንቦት ይሂድ፤ ዣንጥላ ግን አይርሳ፣ ዝናቡ ቀልድ አያውቅም።