ይህ ቢል አይደለም

በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፋ ብላችሁ የምታዝኑ ሁሉ፣ ወደ አሜሪካ ኑና አንዴ ብቻ ሆስፒታል ግቡ። እኔ ቨርጂኒያ ስኖር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዘመድ በፖስታ የደረሰኝ ነገር ቢኖር አንድ የሠርግ ጥሪ ነው፤ የቀረው በቴሌግራም "ጠፋህ እኮ" ብሎ ያልፈኛል። ሆስፒታሉ ግን እንደ ዘመድ አይደለም። የተዋወቅነው ለአንዲት ሌሊት ነው፤ ይኸው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላም ይጽፍልኛል። ስሜን ከነአባቴ፣ የተወለድኩበትን ቀን ከነዓመቱ አስተካክሎ። ሚስቴ እንኳ ልደቴን ትረሳለች። እሱ ረስቶ አያውቅም።

የተዋወቅነው በ2024 የፋሲካ ዋዜማ ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ስለነበር፣ ሙያ ላሳይ ብዬ የዶሮውን ሽንኩርት እኔ ልክተፍ አልኩ። ቢላዋው ሽንኩርቱን ጨርሶ ወደ አውራ ጣቴ ተሻገረ። ደሙ አልቆም ሲል ሚስቴ 911 ልትደውል ስልኳን አነሳች። ያን ጊዜ የጮኽኩት ጩኸት ስቆረጥ ከጮኽኩት ይበልጥ ነበር፤ "አምቡላንስ እንዳትጠሪ!"

አማቴ ግራ ተጋቡ። እሳቸው የሚያውቁት 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ነው፤ እዚያ የሚያስጨንቀው አምቡላንሱ እንዳይዘገይ ነው፣ እዚህ የሚያስጨንቀው እንዳይመጣ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2020 መጨረሻ "ድንገተኛ ቢል ይብቃ" ብሎ፣ ታካሚ ባልጠበቀው ክፍያ እንዳይመታ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ በአየር የሚበረውን አምቡላንስ ያካትታል፤ በጎማ የሚሄደውን ግን ትቶታል። አስተዋይነታቸውን ተመልከቱልኝ። በሄሊኮፕተር ከሄድክ ሕጉ ይጠብቅሃል፣ በመኪና ከሄድክ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። እኛም የሐበሻ አምቡላንስ ጠራን፣ ኡበር የሚነዳ ጓደኛዬን። ለቅዳሴ ሊሄድ ነጠላውን እንዳጣፋ ደረሰ። ክፍያው ደሙ ወንበሩን እንዳይነካ መጠንቀቅ ብቻ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሐኪም ያየኝ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አባቶቻችን ደጅ ይጠኑ እንደነበር ስንሰማ እንስቃለን፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ወጉን በአካል አየሁት። የጥንቱ ጌታ ቢያንስ ግብር ያበላ ነበር። እዚህ ያለው ብስኩት የሚሸጥ ማሽን ነው፤ እሱም ካርዴን አልቀበልም አለኝ። (የባሰበት ይቅደም መባሉ ትክክል ነው፤ ደረቱን ይዞ የገባ ሰው ከእኔ ጣት መቅደም አለበት። እኔ የምለው፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ከእኔ የሚሻለው ሰው አንድም አልነበረም ወይ?) የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሲደርስ፣ ነርሷ ሐበሻ ሆና ተገኘችና "እንኳን አደረሰህ" ብላ አንድ የብርቱካን ጭማቂ አቀበለችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እስከ ዛሬ ቢል ያልመጣብኝ እሱ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ስምንት ደቂቃ ያህል አብሮኝ ቆየ። ሦስት ስፌት፣ አንድ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ አንድ ራጅ። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ገንዘብ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! አዲስ አበባ ብትሄዱ ካርድ አውጣ፣ ክፈል፤ ላብራቶሪ ሂድ፣ መጀመሪያ ክፈል፤ ተኛ ቢሉህ ማስያዣ አምጣ። እዚህ ግን በ1986 የወጣ ሕግ አለ፤ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ለድንገተኛ የመጣውን ሰው ከፈለ አልከፈለ ሳይል መርምሮ እንዲያረጋጋው ያስገድዳል። ይህ እውነተኛ ደግነት ነው፤ ያለ ሽሙጥ ነው የምናገረው። ሽሙጡ የሚጀምረው ከተረጋጋህ በኋላ ነው።

በማግስቱ አማቴ ዶሮውን ራሳቸው ሠርተው እያጎረሱኝ "ስንት አሉህ?" ብለው ጠየቁ።

"አይናገሩም፣ እማማ።"

"ዋጋ ሳትጠይቅ እጅህን ሰጠህ?"

እጄን ሰጠሁ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከኢንሹራንሱ ነው። ከላይ በደማቅ ፊደል "ይህ ቢል አይደለም" ይላል። እኔ ቅኔ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሰሙ "ቢል አይደለም"፤ ወርቁን ለማግኘት ሦስት ገጽ መውረድ ያስፈልጋል። የተጠየቀው 3,140 ዶላር። የተፈቀደው 1,905። ኢንሹራንሱ የከፈለው 0.00። የእርስዎ ድርሻ 1,905። ከነጥቧ በኋላ ያሉትን ሁለት ዜሮዎች ልብ በሉልኝ። ምንም ሳይሰጥ ሳንቲሟን እንኳ በጥንቃቄ የሚቆጥር እንዲህ ያለ ለጋስ የት ይገኛል?

ዲዳክተብል የሚሉት ነገር አለ። የእኔ 4,000 ዶላር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዜ የሚቆረጠው ገንዘብ የሚያሳክመኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የመጀመሪያውን 4,000 ከኪሴ የመክፈል መብት የምገዛበት ነው። በዓመት ከኪስ የሚወጣው ጣሪያም አለው፤ በ2024 ሕጉ ለአንድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 9,450 ዶላር ነበር። ደስ የሚል ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ ቆሞ ማየት ብቻ ያዞራል።

ይህ ሁሉ ከቀጣሪ ጋር የተጋባው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1942 መንግሥት የደሞዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደሞዝ ፋንታ ኢንሹራንስ ማቅረቡን አበዙት። ጦርነቱ አለቀ፣ ኢንሹራንሱ እዚያው ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ፓርኪንግ ሲጠብቅ የሚያድር ወንድማችሁን "ለምን አትለቅም?" ስትሉት "ለኢንሹራንሱ ብዬ" የሚላችሁ። ታሞ ሥራ ያልቻለ ሰው ኢንሹራንሱን ያጣል፤ ኢንሹራንሱ እንዲቀጥልለት መዳን አለበት። እንዲህ ያለ የተሟላ ክብ ጂኦሜትሪ ስማር አላየሁም።

ቀጥሎ እውነተኛው ቢል መጣ። አንድ አይደለም፤ ሆስፒታሉ ለብቻው፣ ሐኪሙ ለብቻው። አንድ በር ገብቼ በአንድ በር የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ሁሉም በኮድ የተጻፈ ነው። ይህን ኮድ ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። አሜሪካ ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ የምትጠቀምበት የበሽታና የአደጋ መዝገብ ወደ 70,000 የሚጠጉ ኮዶች አሉት። ቢላዋ የራሱ ኮድ አለው። ዳክዬ ብትመታህ ኮድ አለህ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ዶሮ ነው፤ ዶሮ ለነቆረው ሰው ለብቻው ኮድ ተሰጥቶታል። እንግዲህ በዚያ ዋዜማ ዶሮዋ ራሷ ብትነቁረኝ ኖሮ መንግሥት በሚገባ ያውቀኝ ነበር፤ ለዶሮዋ የሚሆን ሽንኩርት የቆረጠው ግን ገና አልተመዘገበም። ከአማት ጋር አለመስማማትም ኮድ አለው። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

ይህን ያህል ቃል የተረፈው ሥርዓት ዋጋ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዋል። የእኔን ፋይል አገኘሁትና ከፈትኩት፤ ኮምፒውተሬ ሲያቃስት ቆይቶ ደርቆ ቀረ። ግልጽነት ማለት ይህ ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ አለች፣ ግን ማን ቀና ብሎ ያያታል? ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ሜሪላንድ ያሉት የሲልቨር ስፕሪንግ ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ሁሉ ወግ ቀርቶባቸዋል። ሜሪላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ዋጋ የሚተምን ኮሚሽን አላት፤ በአንድ ሆስፒታል ማንም ኢንሹራንስ ይክፈል ማን ዋጋው አንድ ነው። እኛ ቨርጂኒያዎች ግን ድልድዩን ሳንሻገር በአንዱ ስፌት አራት ዓይነት ዋጋ እናገኛለን።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሐበሾች። ይህ ሥርዓት ያለ እኛ ትሕትና አይቆምም። ሾላ ገበያ በአንድ ኪሎ ቲማቲም አምስት ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምንሟገት፣ "ልሄድ ነው" ብለን ሦስት ጊዜ ሄደን ሦስት ጊዜ የምንመለስ ሰዎች፣ ዱለስ አየር ማረፊያ ስንደርስ አንደበታችንን ከሻንጣው ጋር አብረን እናስፈትሻለን። 1,905 ዶላር የሚል ወረቀት ሲመጣ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የምናውቀው። ወይ ዝም ብሎ መክፈል፣ ወይ ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ። እኔ የሁለተኛው ትምህርት ቤት ነኝ። መሳቢያው ጨለማ ነው፤ እዚያ ውስጥ ገንዘቡ የሚቀልጥ ይመስለኛል።

አማቴ የወጥ ማንኪያ ሲፈልጉ ሦስቱንም ፖስታዎች አገኟቸው። ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠሩኝ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ። "ይህ ምንድን ነው?" "ይህ የጠየቁት ነው።" "ይህስ?" "ይህ የተፈቀደው።" "ታዲያ መጀመሪያ የጠራው ዋሽቶ ነበር?" ዝም አልኩ። "ደውልለት!"

አርባ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ሰማን። አማቴ መጨረሻ ላይ ዜማውን ያዙት። ሰው ሲገኝ፣ እንደ ታዘዝኩት የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ ዘርዝረው እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። በዝርዝሩ እንዳየሁት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ለእኔ ጣት 4 ሰጥተውኛል። በትምህርት ዘመኔ እንዲህ ተደርጎልኝ አያውቅም። "እንደገና ይታይልኝ" አልኩ። ታየና 3 ሆነ፤ ድርሻዬ ወደ 1,240 ወረደ። "ዛሬ ከከፈሉ ደግሞ 30 በመቶ እንቀንሳለን" አለ ሰውየው። 868።

"ስንት ደረሰ?" አሉ አማቴ በሹክሹክታ።

ነገርኳቸው።

"ገና ነው። ልሄድ ነው በለው።"

"እማማ፣ የት ነው የምሄደው? ጣቴን ሰፍተውታል እኮ!"

"ፈትተው ይውሰዱታ!"

ይህን አልተረጎምኩለትም። 868 ዶላሬን ከፈልኩ። ከ3,140 የተነሳ ዋጋ ነው። ሰውየው አልተከራከረም፣ አልተቆጣም፣ "ትከስረኛለህ" አላለም፤ ሾላ ያለች የቲማቲም ነጋዴ እንኳ ለወጉ ያህል "ከመጣበት አይደርስም" ትል ነበር። በ2023 ሀገሪቱ ለጤና 4.9 ትሪሊዮን ዶላር እንዳወጣች፣ በነፍስ ወከፍ 14,570 ዶላር መሆኑን ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ውስጥ "ልሄድ ነው" ባለመባሉ ብቻ የተከፈለው ስንቱ እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል?

አማቴ ስድስት ወራቸውን ጨርሰው ተመለሱ። መሳቢያው ባዶ ሆነ። እኔም የደብዳቤ ወዳጄ የተቀየመኝ መስሎኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጻፈልኝ። እሱ ሳይሆን አንድ የማላውቀው ሐኪም ነው፤ ያን ሌሊት የተነሳሁትን ራጅ "ያነበበ"። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ። ለንባብ 212 ዶላር። አጥንቴ ደህና መሆኑን የገለጸበት ጽሑፍ ግን አብሮ አልተላከም። ቀጥታ አዲስ አበባ ደወልኩ።

"ራጁ እጅህ ላይ አለ?" አሉ አማቴ።

"የለም።"

"ዕቃውን ሳያስረክብ ነው ዋጋ የሚጠይቀው? ደውልለት፤ እኔም ልስማ።"

በሚስቴ ስልክ ደወልኩና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የተቀዳው ድምፅ መጣ። የሴት ነው፣ ለስላሳ። ጥሪዬ ለእነሱ ውድ እንደሆነ ነገረችኝ።

"ምን አለችህ?" አሉ አማቴ ከዚያ ማዶ።

"ውድ ነው አለች።"

"ቀንሺ በላታ!"