ቆርቆሮው ይኑርልን

ሰፈራችን ያለው ጅምር የገበያ ማዕከል ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ ሥዕል ተሰቀለለት። እንኳን ደስ አለን! የመጀመሪያው ሥዕል አምስት ፎቅ ነበር፣ ሁለተኛው ስምንት። የአሁኑን ስቆጥር አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ባጃጁ መንቀሳቀስ ጀመረና ቀሪው አመለጠኝ። ሕንፃው ራሱ ግን እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ፤ ሥዕሉ ይህን ያህል ሲያድግ እሱ ከሁለተኛ ፎቅ ንቅንቅ አላለም። ፌሮዎቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ዱዓ እንደያዘ ሰው ቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ ቆሟል።

እስቲ ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። የድሬዳዋን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ለሚያውቅ ይሄ ትልቅ አሳቢነት ነው፤ እዚያ ውስጥ ሳምቡሳ ያለ ከሰል ይበስላል። በበሩ ካፖርት የደረበ ፈረንጅ ይገባል። ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ሴትዮ የሕፃን ጋሪ ትገፋለች። ሽርጥ ያገለደመ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ካርቶን የሚያኝክ ፍየል የለ። በጀርባው በኩል ደቻቱ ወንዝ ሰማያዊ ውሃ ሞልቶ ዳርና ዳሩ ጃንጥላና ወንበር ተደርድሮበታል። እኛ የምናውቀው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ውሃ ያመጣ ለት ደግሞ፣ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ሌሊት ያየ እንደሚነግራችሁ፣ ማኪያቶ ሊጠጣ አይመጣም።

የምክክር መድረኩ ላይም ነበርኩ። አዳራሹ ኤሲ አለው፤ በበኩሌ ለዚህ ብቻ በየወሩ ብንመክር አይሰለቸኝም። «ዘመናዊ፣ ሁለገብና ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» በሚለው ላይ ሙሉ መግባባት ተደረሰ። «ሁለገብ» የሚለው ከ«ዘመናዊ» ይቅደም ወይስ ይከተል በሚለው ላይ ብቻ እስከ ሻይ ሰዓት ተከራከርን። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ድሬ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅምና ሰብሳቢውን፣ «አንተ፣ አቦ፣ የበፊቱስ ለምን ቆመ?» አሉት። «ገንቢ አስተያየት ነው፣ በግብዓትነት እንወስደዋለን» ተባለ። ከዚያ ምሳ።

የሚገርመኝ የሊዝ አዋጁ ነው። በ2004 የወጣው ቁጥር 721 ለትልቅ ግንባታ እንኳ የሰጠው ማጠናቀቂያ እስከ 48 ወር ነው። እንዲህ ያለ ጥድፊያ! በ48 ወር የትኛው ሥዕል ተስሎ፣ የትኛው መድረክ ተዘጋጅቶ፣ የትኛው ልዑክ የልምድ ልውውጥ ሄዶ ይመለሳል?

ችኮላ ምን እንደሚያመጣ የባቡሩ ሰዎች አሳይተውናል። በ1890 ከጅቡቲ ተነሥተው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው በ1895 እዚህ ደረሱ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አላዋጣ ሲል ከሥሩ ቆመ፤ ቀጥሎ ኩባንያው ከሰረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃሉ ሐዲዱ የቆመበት ሜዳ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ተሸካሚው መጣ፣ ነጋዴው መጣ፣ ባለ ሻዩ መጣ። ከዚራ የምትባለው ሰፈር በመሐንዲስ መስመር ተለካች፣ ሌላዋ ሰፈር መጋላ ከደቻቱ ማዶ እንደልቧ በቀለች። ድሬዳዋ የምንላት እሷ ናት። የጅምር ልጆች ነን እኮ!

ደማችን ውስጥ ስላለ ነው መሰለኝ፣ ይሄኛውም ጅምር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ምድር ቤቱ የባጃጅ ጋራዥ ሆኗል፤ በከተማው እንደዚያ ቀዝቃዛ ጋራዥ የለም። የትም የማያደርሰው ደረጃ ሥር ሳምቡሳ የምትጠብስ እናት አለች። ሊጧን የምትዳምጠው ከግንባታው በተረፈ ብሎኬት ላይ ነው፣ ማጥለያዋ ፌሮ ላይ ተንጠልጥሏል። ዱቤ የምትመዘግበው ኮለኑ ላይ በከሰል ነው፦ «የሳቢያኑ ልጅ 6፣ መካኒኩ 11፣ መካኒኩ 4»። ፕሮጀክቱ በሙሉ ካሉት ሰነዶች በየቀኑ የሚታደሰው ይህ ብቻ ነው። ከላይዋ ዳስ የሆነላት የመጀመሪያው ሥዕል ሸራ ነው፣ ባለ አምስት ፎቁ። ካፖርቱን የለበሰው ፈረንጅ ቁልቁል ተዘቅዝቆ የሚጠበሰውን ያያል። ሁለተኛው ሥዕል የተፈቱ ሞተሮች ተሸፍነውበታል። ዕቅድ መሬት ወረደ ማለት ይኸው ነው።

ደግነቱ ይህ ሁሉ ታስቦበታል። በአዲሱ ሰነድ ውስጥ ምዕራፍ አንድ «ቦታውን ከሦስተኛ ወገን ነፃ ማድረግ» ይላል። ከምዕራፎቹ ሁሉ ቀን የተቆረጠለት እሱ ብቻ ነው። ምዕራፍ ሁለት ጥናት ላይ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጎኔ የተቀመጠው ባለሙያ ሳምቡሳውን ጎርሶ፣ «ሕገወጦቹ» አለኝ። ለሻይ ሰዓት የቀረበው ሳምቡሳ ከየት እንደመጣ በጣዕሙ አውቄዋለሁ።

ትናንት ቁርስ ልበላ ሄጄ ወሬውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ማጥለያዋን አራገፈችና ብቅ ብላ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን አዲሱን ሥዕል ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄኛው ሸራ ወፈር ያለ ነው፣ ወላሂ» አለችኝ። «መቼ ነው የሚቀይሩት?»