ክብሪት ለፈሪ ነው

እሰየው! የአዲስ አበባ ዳርቻ ተራሮች በቅዳሜ ጀግና ተጥለቅልቀዋል። ከእንጦጦ እስከ ወጨጫ፣ ከየረር እስከ መናገሻ ሱባ፣ አርብ ማታ ሦስት ቪዲዮ አይቶ ቅዳሜ ጠዋት ዱር የሚገባ ትውልድ አፍርተናል። አያቶቹ ዱሩን ለመልመድ አምስት ዓመት አርበኝነት ፈጅቶባቸዋል፤ ለእሱ የአንድ ማታ ዳታ በቃው።

ጀማሪ ነውና ክብሪት ይይዛል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ክብሪት ለፈሪ ነው። የእኛ ጀግና በወገቡ የበሬ ማረጃ የሚያህል ቢላ አንጠልጥሎ፣ እንጨት በእንጨት ሰብቆ ነው እሳት የሚያወጣው፤ ያውም በነሐሴ፣ ያውም የሱባ ጽድ ውሃ እያንጠባጠበ። ሰበቃ እሳት የሚሰጠው ሁለቱም እንጨቶች ክው ብለው ሲደርቁ፣ የታችኛውም ለስለስ ያለ ሆኖ ትኩሱ ዱቄት የሚጠራቀምበት ስርጉድ ጠርዙ ላይ ሲበጅለት ነው። እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ሁሉ እርጥበቱን በማትነን ያልቃል። ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ መዳፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ለፎቶ ያምራል።

ፈሪውማ ሃያ የክብሪት እንጨት ከነመጫሪያው ክዳኑ ጥብቅ በሚል የመድኃኒት ብልቃጥ ይከትና ጣት የምታህል ጧፍ ይጨምርበታል። ሰም የጠጣ ክር ስለሆነች ከክብሪቱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ትነድለታለች። ጭራሮውንም ከመሬት አይለቅምም፤ ዛፉ ላይ እንዳለ ከደረቀው ቅርንጫፍ ይሰብራል። ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፣ ከተለመጠ ይተወዋል። በበጋ ደግሞ ባህር ዛፍ መሃል ጨርሶ እሳት አይጭርም፤ ቅጠሉ ዘይት አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ታሪክ ይኖረዋል?

አለባበሳቸውንም ሳላደንቅ አላልፍም። ጂንስ ሱሪ፣ የቡድኑ ስም የታተመበት የጥጥ ቲሸርት፣ ለማታው ደግሞ ጋቢ። ሦስቱም ጥጥ ናቸው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀት አይዝም። ወጨጫ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ መሃል ከተማ ቲሸርት ያስለበሰ አየር እዚያ ላይ ሹራብ ያስመኛል፤ ነፋስና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ጥርስ ያፋጫል። ሰውዬው መንቀጥቀጡ ሳያንስ ምላሱ መተሳሰር፣ እግሩ መደናቀፍ ሲጀምር ጓዶቹ መድኃኒቱን ያውቁታል፦ አንድ መለኪያ ካቲካላ! ካቲካላ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊቱ ይሞቀዋል፣ ውስጡ ግን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ከሥሩ ቅጠል ወይም ቦርሳ ማንጠፍ (ከአየሩ የባሰ መሬቱ ሙቀት ይመጠምጣል)፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ መስጠት፣ ይህ የእናቶች ሥራ ነው። ከዝናብ የሚከልል የግንባታ ላስቲክም እንዲሁ፤ ማን ላስቲክ ለብሶ ፎቶ ይነሳል?

መንገድ ሲጠፋቸውማ ሊቃውንት ናቸው። «ወንዝ ተከተል፣ ሰው ታገኛለህ» የሚለውን በቃላቸው ይዘዋል። የእንጦጦ አናት የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው። በደቡብ ፊቱ ያለው ጅረት በአዲስ አበባ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሰሜን ፊቱ ያለው ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያ በሙገር ገደል ወደ ዓባይ። በርታ ጀግናው፣ ካርቱም ሰው ሞልቷል! ፈሪው ግን መንገዱ እንደጠፋው ቁጭ ይላል፣ መጨረሻ ወዳወቀው ቦታ በመጣበት ይመለሳል፣ ካልሆነለት እዚያው ሆኖ ፊሽካ ይነፋል፦ ሦስት ጊዜ፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ስልኩን ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪ እንዳይጨርስ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ፣ ከፍታ ላይ ሲወጣ ብቻ ይከፍታል። ጥሪ እምቢ ሲል አጭር መልእክት አንዳንዴ ያልፋል።

ውሃው ጥርት ያለ ነው ብለው ከምንጩ ይጠጣሉ። ከላይ ከብት ውሎበታል፤ አሜባና ጃርዲያ በዓይን አይታዩም። በዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ተንፈቅፍቆ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ግን እሳቱ የት አለና?

ቢላው ለጅብ ነው ይላሉ። ጅቡ ሳይመጣ የሚደርሰው የመንደሩ ውሻ ነው። ከውሻ መሮጥ ንክሻ መጥራት ነው፤ ቆም ብሎ ድንጋይ ለማንሳት ማጎንበስ አብዛኛውን ይመልሳል። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም መሄድ። ሳሙና ግን ቦርሳ ያከብዳል፤ ቢላው ቦታውን ይዞታል።

ከሁሉ የሚደነቀው ምስጢር አጠባበቃቸው ነው። የት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ እቤት ለቀረ ሰው አይናገሩም፤ ለአራት ሺህ ተከታይ ግን ከጫፉ ላይ በቀጥታ ያሰራጫሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ጫፉ ቢደረስም ባይደረስም መመለስ የሚባል ወግ አያውቁም። 12 ሰዓት ሲያልፍ ጫካው ይጨልማል፣ የእጅ ባትሪም የለም። ያኔ የላስቲክ ጫማ ያደረገ የአሥር ዓመት እረኛ ከነበጎቹ ብቅ ይልና በዱላው እየመራ አስፋልት ያደርሳቸዋል።

ማታ በሚለጠፈው ፎቶ ላይ እረኛው ተቆርጧል። ቢላው አለ።