እርማት፦ ከሰብለ በፊት ጦቢያ ነበረች

ወዳጆች፣ «ፍቅር እስከ መቃብር የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ሴት ገጸ ባሕርይም የጎላችው ያኔ ነው» የሚለው አስተያየት እዚህ ድሬዳዋ እየተደጋገመ ነው። መጽሐፉንም ዋና ሴት ገጸ ባሕርይውን ሰብለንም እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን የመጀመሪያው አይደለም። እሱ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው፣ ሮም የታተመው በአውሮፓውያን 1908 (በኛ 1900 ዓ.ም. ገደማ) ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ናት። ፍቅሩም ቤተሰቡም አለበት። ደግሞ ደራሲው አፈወርቅ የኛው የድሬዳዋ ነጋድራስ (የንግድና የጉምሩክ ሹም) ነበሩ እኮ፣ አቦ! የተጠራጠረ የሁለቱን የኅትመት ዓመት ያመሳክር። ይህ ስህተት ከ50 ዓመት በላይ ያዘልለናል፤ ልጆቻችንም ፈተና ላይ ይሄንኑ ይጽፉታል።